ጾመኛ ነበር የተባለው ቦክሰኛ

ኤደን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእቴ መሪየም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ተራራውን ወጥቶ ከሱቅዎ ደጃፍ ይድረስ። እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ወንድምዎ ጋሼ ሙሀመድአወልስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ከወደቡ መጋዘን ሥራዬ ላይ ነኝ። ሙቀቱን ግን ስምንት ዓመት ሙሉ አልለመድሁትም፤ ከእንግዲህም የምለምደው አይመስለኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎን ሲያነቡ ይሥቁብኛል። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ ከሥራ ስንወጣ እዚያ እንቀመጣለን። ካለፈው ወር ወዲህ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፦ መሐመድ ዓሊ በጉብዝናው ጊዜ የሚያሸንፈው ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም? የመናውያኑ ለሁለት ተከፍለው ሊደባደቡ ደረሱ። እኔም ምን አቅብጦኝ እንደ ሆነ እንጃ፣ ብድግ ብዬ የሱን ነገር አላውቅም፣ በጉብዝናው ማንም የማይችለው ከባድ ሚዛን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሥጋ ዘመዴም ነው አልሁ። ጋሼ አወል አሥራ አራት ጊዜ ተጋጥሞ አሥራ አራቱንም እንዳሸነፈ፣ አሥራ አንዱን በዝረራ እንደ ጨረሰ፣ እኔም ጥጉ ላይ ቆሜ ላቡን የምጠርግለት እንደ ነበርሁ ነገርኋቸው።

ለካስ አዘዘ የሚባል የጎንደር ሰው፣ የመርከብ ወጥ ቤት፣ ከጀርባዬ ተቀምጧል። አሥራ አምስተኛውንስ ለምን ዘለልኸው አለኝ። በ69 ነሐሴ፣ ባሕር ዳር በእህል መጋዘኑ ውስጥ፣ ገብረ ኪዳን የሚባል የፋብሪካ ሰው በሦስተኛው ዙር ሲዘርረው ቆሜ አይቻለሁ ብሎ ለሰው ሁሉ ተረከ። ያ ቀን ረመዳን እንደ ነበረና ጾመኛ ሰው እንደ ተመታ ባስረዳው፣ ጾመኛ መሆኑን ማን አየ ብሎ ሣቀብኝ።

ስለዚህ እቴ፣ ያን ዕለት ጋሼ አወል ጾመኛ እንደ ነበረ በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። ጓንት አድርጎ የተነሣው ፎቶግራፍ ካለም ይጨምሩልኝ። ሌላ አላስቸግርዎም።

ዘመድዎ ጀላሉዲን


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጀላሉዲን፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ተመልሶ ታሽጎ። የከፈተው ሰው የሻይ ቤት ጠብ ሲያነብ ምን እንዳለ አላህ ይወቀው።

እኛ ደህና ነን እንላለን። ስኳሩም ሳሙናውም ወደ ቀበሌ ሱቅ ሄዷል፤ ለኔ የቀረልኝ ጨው፣ ክብሪት፣ ቡናና ክር ነው። ቀን ስብሰባ እንጠራለን፣ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ፣ ተመልሼ እከፍታለሁ። ዕድሜዬ እንዲህ ሲከፈትና ሲዘጋ አለቀ።

እናትህና አባቴ የወንድማማች ልጆች ስለ ሆኑ እንጂ ሌላ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ ወረቀት አላባክንም ነበር። ይኸውልህ፦ በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ 15 ቀን እሑድ፣ ረመዳን በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ በተደረገው ግጥሚያ ላይ ወንድሜ ሙሀመድአወል ጾመኛ ነበር። ሌሊት ሱሑሩን ከእናቴና ከእኔ ጋር በልቷል። ጧት ከቤት ሲወጣ ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም። ተመትቶ ሲመጣ እናቴ እያለቀሰች ግንባሩን ሳመችው፤ መግሪብ እስኪደርስ ጠብቆ በቴምር አፈጠረ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ፈርሜአለሁም።

ለሰውዬህ ይህንም ጨምርለት። የገብረ ኪዳን ቤት ሹም አቦ ሰፈር ነው፤ ከኔ ሱቅ ሩቅ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሚስቱ ወለተ ኪዳን ጨው ልትገዛ ብትመጣ፣ የጨው ጆንያ ተደግፌ ቆሜ «አልቋል» አልኋት። ጆንያውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ሄደች። ስምንት ዓመት አለፈው፤ ጨውዋን ከገበያ ማዶ ነው የምትገዛው። በኛ መንደር ለገብረ ኪዳን ሻይ የሚቀዳለት የለም። ጾመኛ የሚመታ ሰው ምን ሊቀዳለት?

ፎቶግራፉን አልልክም፤ ያለን እሱ ብቻ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ የአወል እጅ ይንቀጠቀጣል። ካለፈው ዓመት ነው የጀመረው፤ አልጻፍሁልህም ነበር። ከደቅ ደሴት የሚመጣውን የእህል ጆንያ ሁለት ሁለት ይሸከም የነበረ ሰው ዛሬ ብርጭቆ ሲያነሣ ይፈሳል፤ ስለዚህ እስከ ግማሽ ነው የምቀዳለት። አዲስ አበባ ሐኪም ያዘዘውን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። መድኃኒቱ እዚህ የለም። ከዚያ ከተገኘ ፈልግልን።

እቴ መሪየም


ኤደን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእቴ መሪየም፣

እጅዎ ይባረክ። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሻይ ቤቱ መካከል ቆሜ ወደ ዐረብኛ እየመለስሁ አነበብሁት። ጨዉን ተደግፈው «አልቋል» ያሉት ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አዘዘ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ የቦክሰኛው ዘመድ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። በመጋዘን ውስጥ ቁጥር ብቻ ሆኖ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። አዘዘ ወረቀቱ ማኅተም የለውም እያለ ያስወራብኛል። ከሸኾቹ አንዱ ቢፈርሙበት ወይም ማኅተም ቢያርፍበት አፉ ይዘጋል። ለጋሼ አወልም ያንብቡለት። ስሙ ባሕር ማዶ እንደሚጠራ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስታም መድኃኒት ነው ይባላል።

ስለ መድኃኒቱ ጠይቄአለሁ፤ አለ ወይም የለም የሚለኝ እስካሁን አላገኘሁም።

ዘመድዎ ጀላሉዲን


ባሕር ዳር፣ ጥር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጀላሉዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ በላይ ሰላምታ አልመጣልኝም።

እንዳልኸኝ ለአወል አነበብሁለት። ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። አዘዘ ሻዩን ትቶ ወጣ የሚለውን ሳነብ እኔ ሣቅሁ፤ እሱ አልሣቀም። ሸኽ ዘንድ ሄጄ ላስፈርም ነጠላዬን ሳነሣ እጄን ያዘኝ። የሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ የኔም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«መሪየም፣ ተዪው፤ በልቼ ነበር» አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም። ደግሞ ነገረኝ። ያን ዕለት ቀትር ላይ እንደ በላ፣ ጠግቦም እንደ ተጋጠመ፣ ያበላውም አንተ እንደ ሆንህ። ሲወድቅ ጾመኛ ነው ብሎ የጮኸውም አንተው እንደ ሆንህ። ሲነቃ ሰው ሁሉ ይስመዋል፣ እናቴ ታለቅሳለች፤ በረመዳን ቀን በልቻለሁ ብሎ እንዴት ይንገራት? ዛሬ ነገ ሲል እሷም ሳትሰማ ሞተች። መግሪብን ጠብቆ ቴምሩን ሲጎርስ ትዝ አለኝ ጀላሉዲን፤ እንደ ጾመኛ ወደ ውሃው አልተጣደፈም። አይቼው ነበር፤ ማየቴን ግን አላወቅሁም።

ተቆጥቼ ለምን ለኔ እንኳ አልነገርኸኝም ብለው፣ የጾሙን ዕዳ፣ ቀዷውን፣ በዚያው ዓመት አንድ ቀን ጾሜ አውጥቻለሁ፣ የገብረ ኪዳንን ግን በምን ላውጣው አለኝ። የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። ሐኪሙ እጁ ሲብስ አንደበቱም እንደሚከተል ነግሮናል። አንደበቱ ሳይያዝ እውነቱ ለሰውዬው እንዲነገረው ይፈልጋል።

እኔና እሱ ብቻ ሄደን ብንነግረው አያምነንም ይላል። ታሞ አዝኖልኝ ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው ይላል ገብረ ኪዳን። ምስክሩ አንተ ነህ። ስለዚህ ማኅተሙን ተወውና እኔ የምጠይቅህን አድርግ። ለገብረ ኪዳን በእጅህ ጻፍ፤ ምን እንዳበላኸው፣ የት እንዳበላኸው፣ ለምን እንደ ጮኽህ። በእኔ በኩል ላከው።

ፈርሜ ሰጥቼህ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ጨው ከልክያለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ፈርሚልኝ ያልኸኝ?

መሪየም


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጀላሉዲን፣ በሕይወት ካለህ፣

ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት በሰጠሁ በሦስተኛው ቀን ሬዲዮ ኤደን ውስጥ ጦርነት ሆነ አለ። ወደቡ ተቃጠለ ይላሉ። የውጭ አገር ሰዎች በመርከብ ወጡ ይላሉ፣ አልወጡም ይላሉ። ሦስት ወር ሙሉ ካንተ አንድ ፊደል የለም።

ተቆጥቼ የጻፍሁልህ የመጨረሻው ደብዳቤ እንዳይሆን እፈራለሁ። ያልሁትን አላጥፍም፣ እውነት ነውና። ግን ደህና ሁን። አወል በየሶላቱ ይለምንልሃል፤ እኔም እለምናለሁ። መድኃኒቱንም ተወው፣ ለገብረ ኪዳን የምትጽፈውንም ለጊዜው ተወው። አለሁ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ላክልን።

እቴ መሪየም


ኤደን፣ ሰኔ 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእቴ መሪየም፣

አለሁ። ጦርነቱ በተጀመረ በአምስተኛው ቀን ከባሕሩ ዳር ለቅመው በመርከብ ጅቡቲ አወረዱን። እዚያ አራት ወር ቆየሁ። ስመለስ የመጋዘኑ ግማሽ ጣሪያ የለውም፤ ሻይ ቤቷ ተዘግታለች። ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ ፖስታ ቤት አብረው ይጠብቁኝ ነበር። የሚያዝያውን መጀመሪያ ከፈትሁ፤ አለቀስሁ። ከዚያ የጥር ወሩን ከፈትሁ። መልሱን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጦርነቱ ያዘገየኝ አራቱን ወር ነው፣ ሦስቱ ሳምንት የኔ ነው።

እውነት ነው። ያን ዕለት ቀትር ላይ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ፣ ጀልባ ከሚጠገንበት ዳስ ሥር፣ ስድስት የተቀቀለ እንቁላልና በማር የተለወሰ በሶ ያበላሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ እንቢ ብሎኝ ነበር። አገር ሲወረር ለሚዋጋ ሰው መብላት ይፈቀዳል፣ ግጥሚያው ለጦሩ መዋጮ ነው፣ እንግዲያስ አንተም ተዋጊ ነህ ብዬ ተከራከርሁት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሸኽ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። እሱም አመነኝ።

ጾም አደከመው ስንል የኖርነው ውሸት ብቻ አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። በሁለቱ ዙር ጋሼ አወል ከአሥራ አራቱ ግጥሚያ ሁሉ በተሻለ ነበር የተጋጠመው። ገብረ ኪዳን አጎንብሶ እያሳለፈ፣ እየቆጠበ፣ ትንፋሹን እየሰማ ቆየ። በሦስተኛው ዙር አወል ቀኙን ሲወረውር ገብረ ኪዳን ከሥሩ ገብቶ በግራው አገኘው። እንደዚያ ያለ ግራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዳኛው አሥር ቆጠረ። የአሸናፊውን እጅ ሊያነሣ ወደ ገብረ ኪዳን ሲሄድ እኔ ጮኽሁ፦

«ጾመኛ ነው! ጾመኛ ሰው ነው የመታው!»

ያሰብሁት ነገር አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ። ያ ጉልበት መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳየው አልቻልሁም። ሰው ገመዱን ጥሶ ገባ። ገብረ ኪዳንን በኋላ በር አወጡት። እጁን ያነሣለት የለም። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለሰው ስደግመው፣ ለራሴም ስደግመው፣ እውነት ሆነልኝ። ባያምኑኝም፣ ይፈርሙልኝ ብዬ ስጽፍልዎ እንቁላሉ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ማኅተም ስለምንዎ ነው፤ ያን ጊዜም ጻፍሁ።

አዘዘን ፈልጌው ነበር። የሚሠራባት መርከብ በጦርነቱ ሳምንት ወጥታለች፤ ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ አጣሁ። ለሱ ልክ ነበርህ የምለው ሳይሰማኝ ቀረ። ለገብረ ኪዳን የጻፍሁትን አብሬ ልኬአለሁ፤ እንዲያነቡት አላሸግሁትም። የሁለት ወር መድኃኒት ደግሞ በአሰብ በኩል በሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ይደርስዎታል። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ።

ጀላሉዲን


ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጀላሉዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በሕይወት ስላቆየህ ምስጋና ይድረሰው። መድኃኒቱ ደርሷል። ሐኪሙ ይይዘው ይሆናል እንጂ አይመልሰውም ብሏል። እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅነውም።

ከዐረፋ በኋላ ባለው እሑድ አወልና እኔ ሹም አቦ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ደግፌው ሦስት ጊዜ ዐረፍን። በሩን የከፈተችው ወለተ ኪዳን ናት። እኔን ስታይ የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች። ትዘጋብን ነበር መሰለኝ፤ አወልን አየችና ግቡ አለች። ፍልሰታ ነበርና ቆሎ አቀረበችልን።

ገብረ ኪዳን ሸብቷል። ደብዳቤህን ተቀብሎ መስኮቱ ሥር ቆሞ አነበበው። ከጨረሰ በኋላ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። ከዚያ ቁጭ አለ። እኔ ይሰድበናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበን ይቀለኝ ነበር።

«እኔም እኮ ጾመኛ መታሁ ብዬ ነው የኖርኩት» አለን። «ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንት አላደረግኩም። ምን አሸነፍኩና?»

ይህን አላሰብነውም ነበር ጀላሉዲን። ሰው ሻይ ሲከለክለው፣ እኔ ሚስቱን ጨው ስከለክል፣ ይገባኛል እያለ ነበር የሚቀበለን።

ወለተ ኪዳን ቆሎውን ወደኛ እየገፋች፣ የኔም ሰው ያን ጊዜ ፍልሰታ ላይ ነበር፣ ሁለት ሳምንት በሽሮና በቆሎ ከርሞ ነው የወጣ፣ ማንም አልጠየቀም አለች። ይህንንም ስትለን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አንገቴን ደፋሁ።

ገብረ ኪዳን ወደ አወል ዞሮ በርግጥ ጠግበህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አወል አሁን ቃላቱን አንድ አንድ እየለቀመ ነው የሚናገረው፤ ጠበቅነው።

«ጠግቤ ነበር። ከዚያ ቀን የበለጠ ጉልበት ኖሮኝ አያውቅም። በጉብዝናዬ የሚያሸንፈኝ ሰው ነበረ፤ አንተ ነህ።»

ይህን ብሎ ተነሣ። ልደግፈው ስል እጄን መለሰው። ሄዶ የገብረ ኪዳንን ክንድ ከአንጓው ላይ ያዘና ወደ ላይ አነሣው፤ ዳኛው ያን ቀን ሊያደርገው ሲል ያስተውኸውን ማለት ነው። ገብረ ኪዳን ሊያወርደው አልታገለም። የአወል እጅ ሲንቀጠቀጥ ክንዱም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደዚያው ይዞት ቆየ። ወለተ ኪዳን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም አለቀስሁ፤ ለማን እንደ ሆነ አላውቅም።

ደብዳቤህን ገብረ ኪዳን አልመለሰልንም። ፋብሪካ ወስዶ ለጓደኞቹ ሲያስነብብ ሰነበተ አሉ። እኔም በበኩሌ ለሚሰማኝ ሁሉ እነግራለሁ። አንዳንዱ ያምነኛል፣ አንዳንዱ አወልን ይሰድባል። እሱ ግን ግድ የለውም፤ እንቅልፉን ይተኛል። ሻይ ቤቷ ከተከፈተችና ክርክሩ ካልሞተ፣ አንተም ቆመህ እንደ ፊተኛው ጮክ ብለህ ይህን አንብብላቸው።

ትናንት ወለተ ኪዳን ወደ ሱቄ መጣች። ደጁ ላይ ጥቂት ቆመችና አንድ ኪሎ ጨው አለችኝ። መዘንሁላት፤ ሚዛኑ ልክ ሲሆን እጄ አልቆም ብሎኝ አንድ እፍኝ ጨመርሁ። ሌላም ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ።

«ልኩን ብቻ ስጪኝ» አለች።

የጨመርሁትን መልሼ ልኩን ሰጠኋት።

እቴ መሪየም